ያገለገለ ኮሮላ ስንገዛ የምንከፍለው ለምኑ ነው?

መኪና ባረጀ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል የሚለው ደንብ በኢትዮጵያ ገበያ መሥራቱን ካቆመ ሰንብቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 ወይም በ2004 የተመረተ ቶዮታ ኮሮላ ከ20 ዓመት በላይ አገልግሎ፣ ከሦስትና ከአራት ባለቤት እጅ አልፎ፣ ዛሬ አዲስ አበባ ላይ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ የአሁኑ ባለቤት ከገዛበት በላይ በሆነ ብር ነው። ሻጩም ደላላውም ይህንኑ የመኪናው ጥራት ማረጋገጫ አድርገው ያቀርቡታል፤ «ኮሮላ ነው፣ ዋጋው አይወርድም» ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ግን የዋጋው መወደድ ስለ መኪናው ጤንነት የሚነግረን ነገር የለም። ገዢው ዛሬ የሚከፍለው በአብዛኛው ለእጥረቱ ነው። ለሞተሩ፣ ለካምቢዮውና ለፍሬኑ የሚከፍለው ደግሞ ከገዛ በኋላ፣ ለብቻው፣ ጋራዥ ገብቶ ነው።

እጥረቱ በአንድ ቀን የተፈጠረ አይደለም። ለዓመታት ሲሠራበት በነበረው የኤክሳይዝ ታክስ አከፋፈል፣ ሞተሩ እስከ 1,300 ሲሲ የሆነ አውቶሞቢል 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1,800 ሲሲ የሆነ 60 በመቶ፣ ከ1,800 ሲሲ የሚበልጥ ደግሞ 100 በመቶ ይከፍል ነበር። አስመጪው ባለ 1.3 ሊትር ኮሮላን፣ ያሪስንና ቪትዝን መምረጡ እንግዲህ የሒሳብ ጉዳይ ነበር፤ የታክሱ ማስከፈያም የሞተሩን መጠን እንጂ የመኪናውን ዕድሜ ስለማይለይ አሮጌው በገፍ ገባ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ይህን ለውጦ ዕድሜንም መለኪያ አደረገና በጣም ባረጁት ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ግብይቱ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ በ57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፎ ሄደ፤ የመለዋወጫ ዋጋም አብሮ ወጣ።

እነዚህ ውሳኔዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ እዚህ የምንመረምራቸው በገዢው ላይ ባስከተሉት ውጤት በኩል ብቻ ነው። አገር ውስጥ ያሉት የነዳጅ አውቶሞቢሎች ተተኪ ሳይመጣላቸው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ፤ በዞሩ ቁጥርም አንድ ተጨማሪ ጥገና፣ አንድ ተጨማሪ ብልሃት ይታከልባቸዋል። ስለዚህ ገዢው ከመኪናው ጋር አብሮ የሚረከበው ከእርሱ በፊት የነበሩት ባለቤቶች ያስደረጉትን፣ ያላስደረጉትንና በርካሽ ያሳለፉትን ጥገና በሙሉ ነው። ለዚህ ግዢ የሚወጣው ገንዘብ የመምህር፣ የነርስ ወይም በትራንስፖርት አገልግሎት ቤተሰቡን ሊያስተዳድር ያሰበ ወጣት የብዙ ዓመት ቁጠባ፣ አልፎም የዕቁብና የዘመድ ብድር በመሆኑ፣ ስህተቱ በቀላሉ የሚታረም አይደለም።

ከሁሉ በፊት የማቀዝቀዣው ነገር ይምጣ፤ በእኔ ግምት በከተማችን አሮጌ አውቶሞቢሎች ላይ ከፍተኛውን ጉዳት የሚያደርሰው እርሱ ነውና። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ በዚህ ከተማ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የአንድ ሞተር መደበኛ የሥራ ሙቀት ደግሞ ከ80ዎቹ አጋማሽ እስከ 95 ዲግሪ ይደርሳል። ይህ ማለት ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው በራዲያተሩ ክዳን ታምቆ የሚቆየው ግፊት ነው፤ ክዳኑ ግፊቱን ሲይዝ የመፍያውን ነጥብ ከ100 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ጎማው የደረቀ ወይም ሞላው የደከመ ክዳን ያለው መኪና ባሕር ዳርቻ ላይ ችግሩ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል፤ እዚህ ግን በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ወይም የእንጦጦን ዳገት ሲወጣ ይፈላበታል። በጣም ርካሽ ከሆኑት ዕቃዎች አንዱ በጊዜው ባለመለወጡ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ይጣመማል፣ በእርሱና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ይቃጠላል፤ ባለቤቱም ጥቂት ብር ለማዳን ሲል ሞተር ያስወርዳል።

መፍላት ሲጀምር በብዙ ጋራዥ የሚወሰደው መፍትሔ የሚያሳስብ ነው። ምክንያቱን ከመፈለግ ይልቅ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ከራዲያተሩ የሚያግደው ቴርሞስታት ተነቅሎ ይጣላል፣ ፋኑም «ዳይሬክት» ይደረጋል፤ ማለትም ቁልፍ ሲዞር ጀምሮ ያለማቋረጥ እንዲሽከረከር ገመዱ በቀጥታ ይገናኛል። መኪናው ከዚያ በኋላ አይፈላ ይሆናል፤ ነገር ግን ሞተሩ ወደ ሥራ ሙቀቱ ሳይደርስ ስለሚነዳ ቤንዚን ያበዛል፣ ዘይቱም በሚገባ ሳይሞቅ ስለሚዘዋወር የውስጥ ክፍሎቹ በፍጥነት ይበላሉ። ገዢው ይህን በራሱ ማየት ይችላል። መኪናው ሌሊቱን ያደረበት ቦታ በጠዋት ሄዶ ኮፈኑን በመክፈት ራዲያተሩን በእጁ ይንካ፤ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። «ትንሽ አሙቄ ጠበቅሁህ» የሚል ሻጭ ሆን ብሎ ባያደርገውም የዕለቱን ዋና ምርመራ አበላሽቷልና ሌላ ቀን መመለስ ይሻላል። ሞተሩ ሲነሳ ፋኑ ወዲያው መሽከርከር የለበትም። ራዲያተሩ ለጥቂት ደቂቃዎች ቀዝቃዛ እንደሆነ ቆይቶ፣ ቴርሞስታቱ ሲከፍት ሙቀቱ በአንድ ጊዜ ሲመጣ ይሰማል፤ ፋኑም ከዚያ በኋላ ራሱን አስነስቶ ጥቂት ከሠራ በኋላ ይቆማል። ሞተሩ እንደተነሳ ራዲያተሩ አብሮ ቀስ እያለ ለብ እያለ የሚሄድ ከሆነ ቴርሞስታቱ በቦታው የለም ማለት ነው፤ ያኔ የሚጠየቀው ጥያቄ ለምን እንደወጣ ነው። በራዲያተሩ ውስጥ ያለው ቀለም ያለው ኩላንት ነው ወይስ ዝገት የመሰለ የቧንቧ ውሃ የሚለውም እዚያው ይታያል፤ የውሃው ክዳን የሚከፈተው ግን ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ጉዳይ ዘይት የሚበላ ሞተር ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በኮሮላ ላይ የገጠመው የዜድ ዜድ ቤተሰብ ሞተር፣ በተለይም ባለ 1.8 ሊትሩ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርቱ አንድ የታወቀ የአሠራር ጉድለት ነበረው። የፒስተኑ ዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ጠባብና ጥቂት ስለነበሩ በጥላሸት ይደፈናሉ፤ ዘይት ጠራጊዎቹ ፋሻዎች (በፒስተኑ ዙሪያ ያሉት ቀለበቶች) ይያዛሉ፤ ዘይቱም ወደ ማቃጠያው ክፍል ያልፋል። ኩባንያው በኋላ የፒስተኑን ሥሪት አሻሽሏል። ዘይት በየጊዜው ያልተለወጠለት ሞተር ግን የየትኛውም ዓመት ምርት ቢሆን ወደዚያው ችግር ይገባል። ምልክቱ ሰማያዊ ጭስ ነው፤ ይኸውም በጠዋት ሲነሳ፣ ወይም ረጅም ቁልቁለት ነዳጅ ሳይሰጥ ወርዶ እንደገና ሲረገጥ በጉልህ ይታያል። ሻጩ ይህን ለመሸፈን ወፍራም ዘይት ሊጨምርበት ስለሚችል፣ ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ጭስ አለመታየቱ ብቻውን አያስተማምንም። በደንብ ከሞቀ በኋላ የዘይት መሙያ ክዳኑን ከፍቶ ከውስጥ የሚወጣውን እንፋሎት መመልከት፣ የማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) አፍ በጣት ጠርጎ ደረቅ ጥላሸት ነው ወይስ ቅባት የሚለውን መለየት ይበጃል።

እዚህ ላይ የከፍታውን ነገር ደግመን እናንሳ። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ማንኛውም ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ደላላውም የደከመ ሞተር ሲያጋጥመው «የአዲስ አበባ አየር ነው» ይላል፤ ገዢውም ያምናል። በጎዶሎ ጉልበትና በከፍታ መካከል ያለውን ልዩነት የሚለየው የኮምፕሬሽን ልኬት፣ ማለትም በእያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት ልኬት ነው። ይሁንና ልኬቱ በመጽሐፍ ከተጻፈው የባሕር ወለል ቁጥር ጋር ሲነጻጸር ሁልጊዜ ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ፣ ጠንቃቃ መካኒክ የሚያየው አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርሳቸው ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ነው። በመካከላቸው ከአንድ ባር (የግፊት መለኪያ ነው) ብዙም የማይበልጥ ልዩነት ካለ ጥሩ ነው፤ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ወርዶ ከተገኘ ግን ጥፋቱን በከፍታው ማሳበብ አይቻልም፣ ከፍታው አራቱንም እኩል ይነካልና። ይህ ምርመራ ካንዴላዎቹን ማውለቅና ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይጠይቃል፤ ሚሊዮን ብር ሊከፈልበት በተዘጋጀ ግዢ ላይ ሲዘለል ማየት ያሳዝናል።

በድሮው ኮሮላና በሌሎች እ.ኤ.አ. የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ ሞዴሎች ላይ የሞተሩን የላይና የታች ክፍሎች አቀናጅቶ የሚያሽከረክር የታይሚንግ ቺንጋ አለ፤ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ገደማ መለወጥ ይገባዋል። ቪቪቲአይ በሚባሉት አዳዲሶቹ የኮሮላ፣ የያሪስና የቪትዝ ሞተሮች ላይ ግን በቺንጋው ፈንታ ሰንሰለት ነው ያለው። ሰንሰለት አይበጠስም ማለት አይዘረጋም ማለት አይደለም፤ በጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ሰከንዶች ከሞተሩ ጎን የሚሰማ የብረት መንቀጫቀጭ ምልክቱ ነው።

ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን በተመለከተ፣ ቁጥሩ መመለሱ የታወቀ ስለሆነ ብዙ ሰው ቀድሞውኑ አያምነውም። ያልታወቀው ግን ቁጥሩ ሳይነካም ሊያሳስት መቻሉ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ኮሮላ የሚቆጥረው በማይል ነው፤ በዳሽቦርዱ ላይ ዋናዎቹ ትልልቅ ቁጥሮች የማይል፣ ትንንሾቹ የኪሎ ሜትር ናቸው። 130,000 የሚል ቆጣሪ ያየ ገዢ መኪናው የሄደው ወደ 209,000 ኪሎ ሜትር መሆኑን ካላወቀ፣ ብዙ ዓመት የሚፈጅ መንገድ ከሒሳቡ ውጭ ቀርቷል። መኪናው ከየት እንደመጣ የሚናገረው የሻንሲ ቁጥሩ ነው። ባለ 17 ሆሄያቱ ቁጥር በ1፣ በ4 ወይም በ5 ሲጀምር አሜሪካ፣ በ2 ሲጀምር ካናዳ፣ በላቲኑ ጄ ሲጀምር ጃፓን ተሠርቷል ማለት ነው። በሰሜን አሜሪካ ለተሸጡት ደግሞ አሥረኛው ሆሄ የሞዴሉን ዓመት ያሳያል፤ 3 ከሆነ 2003፣ 4 ከሆነ 2004 ነው። ሊብሬው ላይ ከተጻፈው ጋር ማመሳከር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ይህ ቁጥር ከዓመት ማጣሪያነት ያለፈ ጥቅም አለው፤ ስለ እርሱ በአገራችን ገበያ እጅግ ጥቂት ሰው ሲናገር እሰማለሁ። ታካታ የተባለው የጃፓን አምራች የሠራቸው፣ ኤርባጉን በቅጽበት የሚነፉት ማፈንጃዎች በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ሲያረጁ፣ በግጭት ጊዜ ብረት ቤታቸው ተሰባብሮ ስብርባሪው ተሳፋሪውን እንደሚወጋ ከተረጋገጠ በኋላ፣ በዓለም ታሪክ ትልቁ የተሽከርካሪ ጥሪ፣ ማለትም ጉድለት ያለባቸውን መኪናዎች ለማስተካከል መልሶ መጥራት፣ ተደርጓል። በዚህ ጥሪ ውስጥ ከተካተቱት መካከል የ2003 እና የ2004 ኮሮላ ይገኙበታል። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ማፈንጃቸው ላልተለወጠላቸው ወደ 50,000 የሚጠጉ በአሜሪካ ያሉ መኪናዎች፣ እነዚህን የኮሮላ ሞዴሎች፣ የኮሮላ ማትሪክስን እና የ2004 እና 2005 ራቭ 4ን ጨምሮ፣ «ማፈንጃው እስኪለወጥ አትንዱት» የሚል ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ልብ ማለት የሚገባው፣ ጥሪው ከመደረጉ በፊት ተሸጦ አገር የለቀቀ መኪና የማስተካከያው ተጠቃሚ ሳይሆን ቀርቶ ሊሆን እንደሚችል ነው። ከአሜሪካ የመጣ መኪና የሻንሲ ቁጥሩን በኢንተርኔት በነፃ አስገብቶ ጥሪው ተፈጽሞለት እንደሆነ ማወቅ ይቻላል። አሜሪካ ያለ ዘመድ ወይም ጓደኛም በደቂቃዎች ውስጥ ሊያየው ይችላል። ማፈንጃው ያልተለወጠለት ከሆነ ከፊት ለፊት ከሾፌሩ ጎን ሕፃንም ሆነ አዋቂ ማስቀመጥ አደጋው የታወቀ ነገር ነው።

ቪትዝን ለሚያስቡ ደግሞ አንድ ሌላ ጥያቄ አለ። ቪትዝ ለጃፓን ገበያ የተሰጠ ስም ነው፤ በአውሮፓና በሌሎች ገበያዎች ያው መኪና ያሪስ ይባላል። በጃፓን መሪው በቀኝ ስለሆነ፣ በግራ መሪ የሚነዳ ቪትዝ መሪው ከተሠራ በኋላ የተዛወረለት ነው። ዝውውሩ በጥንቃቄ ከተሠራ መኪናው ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ በችኮላ ሲሠራ ግን ዳሽቦርዱ ተቆርጦ የተቀጠለ፣ የመሪው ካሳ የሌላ ሞዴል፣ የፍሬን ፔዳሉ መያዣ በብየዳ የተሠራ፣ ኤርባጉም የተነቀለ ሊሆን ይችላል። በዝናብ ቀን የዝናብ መጥረጊያውን ማየት ብቻ ብዙ ይናገራል፤ አቅጣጫው ያልተቀየረ መጥረጊያ ከሾፌሩ ፊት የሚገኘውን የመስታወት ጥግ ሳይጠርግ ይተወዋል። የፍሬን ፔዳሉን በኃይል ረግጦ ለአንድ ደቂቃ ያህል መያዝና ቀስ በቀስ ወደ ታች መስመጥ አለመስመጡን ማረጋገጥ በየትኛውም መኪና ላይ የሚደረግ ነው፤ መሪው በተዛወረለት ላይ ግን ግዴታ ነው።

ከመኪናው በታች ስንገባ የከተማው ኮብልስቶንና ጎርባጣ መንገድ የሠራው ሥራ ይታያል። ጎማውን ከመሪውና ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዙት የቴስቲና፣ የብራቾ ጎሚኒና የሾክ አብዞርበር ድካም በቀስታ ሲነዳ በሚሰማ ኳኳታ ይታወቃል፤ እነዚህ በገንዘብ የሚለወጡ ስለሆኑ ዋጋ መቀነሻ እንጂ መኪናውን መተዊያ ምክንያት አይደሉም። አውቶሞቢል ዝቅ ያለ በመሆኑ ኮፓው (የሞተሩ ዘይት የሚጠራቀምበት የታችኛው ክፍል) ተመትቶ ተበይዶ እንደሆነ መመልከትም አይከፋም። የፍሪሲዮንን ብቃት ለማወቅ በዳገት ላይ በሦስተኛ ማርሽ መርገጥ ይበቃል፤ የሞተሩ ድምፅ እየጨመረ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ከሆነ ዘይቱ ቀይና ንጹሕ ሆኖ የተቃጠለ ሽታ የሌለው ሊሆን ይገባል። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚመላለስ ሰው የአባይን በረሃ ከጎሃ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን ሲወጣ ከ1,000 ሜትር በላይ ስለሚወርድና መልሶ ስለሚወጣ፣ ፍሬኑና ማቀዝቀዣው በከተማ ውስጥ ያልገለጡትን ድክመት እዚያ ይገልጣሉ። ለዚህ ዓይነት ጉዞ መኪና የሚገዛ ሰው የፍሬን ዘይቱ መቼ እንደተለወጠ ይጠይቅ፤ ውሃ የጠጣ የፍሬን ዘይት በረጅም ቁልቁለት ይፈላል፣ ፔዳሉም ባዶ ይሆናል።

ስለ ቀለም ጥቂት ልበል። አዲስ የተቀባ አሮጌ መኪና ብዙውን ገዢ ይማርካል፤ እኔ ግን ፋብሪካ በቀባው፣ በደበዘዘና በተጫጫረ ቀለም የሚቀርበውን እመርጣለሁ፣ ቢያንስ የሚደብቀው ነገር አነስተኛ ነውና። ጨርቅ የተጠቀለለበት ማግኔት ከላሜራው ጋር እየነካኩ መሄድ ስቱኮ (የጎደጎደ ላሜራ መሙያ) የተደረገበትን ቦታ ያሳያል፤ የበሩ ወይም የፓራፋንጎው ባቲላሜራ (የላሜራ ጥገና) የተለመደ ነው፣ የሚያስፈራው በሻንጣው ወለልና በፊተኛው የሞተር መቀመጫ ብረት ላይ የሚገኝ ብየዳ ነው። ቼክ ኢንጂን መብራቱም ቁልፉ ሲዞር መጀመሪያ በርቶ ሞተሩ ሲነሳ መጥፋት አለበት፤ ጭራሽ የማይበራ ከሆነ አምፖሉ ተቃጥሏል ወይም ተነቅሏል።

ቦሎ የተለጠፈበት መኪና ተመርምሯል የሚለው አነጋገር ብዙ ሰው ያሳስታል። የዓመታዊው ምርመራ ዓላማ መኪናው በመንገድ ላይ ለሌሎች አደጋ እንዳይሆን ዝቅተኛውን መስፈርት ማየት ነው። ሞተሩ ስንት ዘይት እንደሚበላ፣ ቴስታታው ተጣሞ መላጨቱን፣ ኤርባጉ መኖሩን ለገዢው አይነግረውም። ስለዚህ ሻጩም ደላላውም የማያውቁትን መካኒክ በራስ ወጪ ይዞ መሄድ አማራጭ የለውም። ደላላው «የምታምነው ልጅ አለ» ብሎ የሚያቀርበው መካኒክ ኮሚሽን የሚካፈል ከሆነ ምርመራው ለይስሙላ ይሆናል።

የሰነዱን ነገር ሰው በአንጻሩ በደንብ ያውቀዋል፤ የባንክ ዕዳና የፍርድ ቤት እግድ አለመኖሩን፣ ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነም ቀረጡ መከፈሉን አጣርቶ ውሉን በሰነዶች ማረጋገጫ ማስመዝገብ የተለመደ ነው። የተረሳው ውሉ ውስጥ የሚጻፈው ነው። አብዛኛው ውል «ገዢ መኪናውን ባለበት ሁኔታ አይቶ ተረክቧል» በሚል አንድ መስመር ያልፋል። ይህ መስመር ገዢው በራሱ ላይ የሚፈርመው ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። ተዋዋዮች ይህን ዋስትና በስምምነት ሊያጠቡት ቢችሉም፣ ሻጩ እያወቀ በተንኮል የደበቀው ጉድለት ካለ ከኃላፊነት ነፃ የሚያደርገው ቃል አይጠብቀውም። ገዢው በበኩሉ ዕቃውን ሳይዘገይ መመርመርና ያገኘውን ጉድለት ወዲያው ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ይህ መብት ዋጋ የሚኖረው ግን ሻጩ ምን እንዳወቀ በጽሑፍ ሲኖር ነው። ስለዚህ ሞተሩ ወርዶ ተጠግኖ እንደሆነና መቼ፣ ቴስታታው ተነክቶ እንደሆነ፣ ኤርባጉ በቦታው መኖሩን፣ ቆጣሪው በማይል ይሁን በኪሎ ሜትር መሆኑን ሻጩ በአራት ወይም በአምስት ዐረፍተ ነገር አረጋግጦ እንዲፈርም መጠየቅ ይቻላል፤ ይገባልም። የመኪናውን ሁኔታ በቃል ሲያመሰግን የቆየ ሰው እነዚህን ዐረፍተ ነገሮች ለመፈረም ካንገራገረ፣ ገዢው ይህን የሚያውቀው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ነው።